በመሳቢያዎ ስለተቆለፈበት የካቴና ቁልፍ

ይድረስ ለተከበሩ የፖሊስ ጣቢያችን አዛዥ፣

እንደምን ሰንብተዋል? ጤናዎ፣ ይልቁንም እጅዎ እንዴት ነው? ጣቶችዎ እንደ ልብ ይታጠፋሉ፣ ይዘረጋሉ? ጥያቄዬ እንደ ድፍረት እንዳይቆጠርብኝ፤ በእኛ ቤት ሰሞኑን ሰላምታ የሚጀመረው ከጣት ነው።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ባለቤቴ ከገበያው ጀርባ ባለች የቆርቆሮ ሱቅ ቁልፍ ይቀርጻል። አንድ ቤት በሩ ሳይሰበር ቢዘረፍ፣ ሌባው የተጠቀመበትን ቁልፍ እሱ ሳይቀርጸው አይቀርም ተብሎ ተያዘ። ይጣራ፣ አልቃወምም። አሁን ግን ቀኝ እጁ ከሆስፒታል አልጋ ጋር ታስሮ እየጠቆረ ነው፤ የካቴናው ቁልፍ በእርስዎ መሳቢያ ተቆልፎበታል፤ እርስዎም ለሥልጠና ሄደው ስልክዎን ዘግተዋል። ስለዚህ ምናልባት አጠገብዎ ከተቀመጡት ሠልጣኞች በአንዱ ስልክ ይደርስዎ እንደሆነ ብዬ፣ ምስጋናዬንና ቅሬታዬን በማኅበራዊ ሚዲያ አደባባይ አወጣሁት።

አንደኛ፤ ስለ አስተሳሰሩ። የጥንት ሰዎች የሰውን እጅ በጠፍርና በገመድ የፊጥኝ ሲያስሩ፣ እግሩንም በግንድ ሲጠረቅሙ፣ መኪና አልነበራቸውም። እርስዎ የጥንቱን አስተሳሰር ከዘመናዊ ፒክአፕ ጋር ስላዋሐዱልን ሊመሰገኑ ይገባል። ሹፌሩ ድንገት ፍሬን ሲይዝ ከኋላ የተጫነው ባለቤቴ የሚደገፍበት እጅ ስላልነበረው አስፋልት ላይ ወድቆ ጭኑ ተሰበረ። በሪፖርቱ ላይ ሊያመልጥ ዘሎ ነው መባሉን ሰምቻለሁ። እጁ ከኋላው ታስሮ፣ ከሚሮጥ መኪና በግንባሩ ተወርውሮ የሚያመልጥ ሰው ማግባቴን እስከዚያ ቀን አላውቅም ነበር።

ሁለተኛ፤ ስለ ብረቱ ዓይነት። መጀመሪያ የታሰረበትን የፕላስቲክ ማሰሪያ ነርሷ በመቀስ ቆርጣ ጣለችው። ቀጥሎ የመጣው በሁለቱ ቀለበቶች መካከል ሰንሰለት ያለው ካቴና ነበር፤ እሱ እንኳ ትንሽ ያፈናፍናል። ቁልፍ ቀራጭነቱ ሲታወስ ግን ይህ ለእሱ ያንሰዋል ተባለና፣ በሰንሰለቱ ፈንታ ማጠፊያ ያለው፣ አንጓን ገትሮ የሚይዝ አዲስ ካቴና ተደረገለት። በጣቢያው እንዲህ ያለው አንድ ብቻ ስለሆነ የሌሎቹ ቁልፍ አይከፍተውም። በር ላይ የተመደበው ፖሊስ እንዳስረዳኝ፣ ብረቱ አንዴ ከታሰረ በኋላ በቁልፉ ጫፍ የምትጫን ማቆሚያ አለችው፤ እሷ ካልተጫነች በሽተኛው በተገላበጠ ቁጥር ይጠብቃል እንጂ ወደ ኋላ አይመለስም። ባልደረባው ቸኩሎ ሳይጫናት ሄደ። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው እንዲሉ፣ መጀመሪያ ቀለበቱ ቆዳውን ብቻ ነበር የሚነካው፤ አሁን ሥጋው ውስጥ ገብቷል።

ሦስተኛ፤ ስለ ቁልፉ። ቁልፍ ቀራጭ ቁልፉን አንዴ ካየው በዓይኑ ይቀርጸዋልና ተመልሶ ሆስፒታል እንዳይገባ ብለው ማዘዝዎን ምክትልዎ ነግረውኛል። ሙያውን እንዲህ ያከበረለት ሰው በዕድሜው ገጥሞት አያውቅም፤ ደንበኞቹማ ቁልፉ አልገባም እያሉ ሲመልሱበት ነው የኖረው። ዓይኑን በተመለከተ ግን ስጋት አይግባዎ። ትኩሳቱ ከበረታ ወዲህ እኔን እንኳ እናቴ እያለ ነው የሚጠራኝ።

አራተኛው ቅሬታ ሳይሆን ደጅ ጥናት ነው። ምክትልዎን ለመንኩ፤ መሳቢያው የአዛዡ ነው፣ ሲመለሱ ይታያል አሉኝ። የሆስፒታሉ ጥገና ሠራተኛ አዝኖልኝ የብረት መጋዝ ይዞ መጣ፤ በር ላይ ያለው ፖሊስ ግን፣ ወንድሜ፣ ያለ ጽሑፍ ትእዛዝ ከነካኸው አንተንም አስርሃለሁ ብሎ መለሰው። ይህን ሲናገር ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሮ ነበር። አልተቀየምኩትም፣ እሱም የሰው ልጅ ነው።

የጨነቀው እርጉዝ ያገባል፤ እኔም የድሮውን ዘመን መመኘት ጀምሬያለሁ። ያኔ ከሳሽና ተከሳሽ በአንድ ሰንሰለት ይቆራኙ ነበር ይባላል፤ ቢያንስ አሳሳሪው ብረቱ ሌሊት እንዴት እንደሚቀዘቅዝ ያውቅ ነበር። ስለዚህ ካቴናው እንዲላላና አንዱ ቀለበት ከአልጋው ተፈትቶ በእኔ እጅ እንዲገባ በታላቅ ትሕትና አመለክታለሁ። ጭኑ የተሰበረ ባል ተሸክሜ የትም አልደርስም።

ክቡር ሆይ፣ ከዚህ በላይ ማሾፍ አልችልም። ዛሬ በስፌት መርፌዬ ጣቶቹን አንድ በአንድ ወጋኋቸው፤ አንዱም አልተሰማውም። ሐኪሙ ዛሬ ከተፈታ ተስፋ አለው ብሏል። እባክዎ፣ በልጆችዎ ይሁንብዎ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ስልክዎን ይክፈቱና መሳቢያውን ስበሩት ይበሉ።

ሥልጠናዎ እንዲሰምርልዎ፣ በሰላም ተመልሰውም መሳቢያዎን እንደተቆለፈ እንዲያገኙት እየተመኘሁ፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ እነሳለሁ፤

የእስረኛው ሚስት

ማስታወሻ፦ ይህን ጽፌ ሳልጨርስ ሐኪሙ ጠርቶኝ ነበር፤ ነገ ጠዋት እጁ ይቆረጣል። ካቴናው በእጁ በኩል ቁልፍ ሳይፈልግ ስለሚወጣ ከእንግዲህ ስለ መሳቢያው አያስቡ። ብረቱ የመንግሥት ንብረት ነውና ፈርሞ የሚረከብ ሰው ይላኩ፤ እጁን እኔ እረከባለሁ።