ታላቅ ከታች ስትሆን

ለምወድሽ ለእትዬ፤

እንደምን ከርመሻል? ወገብሽስ ተሻለሽ ወይስ እንደ ልማድሽ «ደህና ነኝ» እያልሽ ችለሽው ነው? ባለቤትሽስ፣ ልጆቹስ እንዴት ናቸው? እኛ ከናፍቆትሽ በቀር ደህና ነን። አባባ ብቻ ጆሮው ጨርሶ ከድቶታል። ዜማ የሚሰማው ከወረቀት ላይ በዐይኑ ነው።

የምጽፍልሽ ለአንድ ጉዳይ ነው። የምሠራበት ማተሚያ ቤት የኖታ መጽሐፍ ያዘጋጃል፤ አባባ ለሁለታችን የደረሰው ዜማም ይገባበታል። ኖታውን ኮምፒውተር ላይ የምጽፈው እኔ ነኝ። መቼም በእኛ ቤት ድምፅ የሚከፋፈለው በዕድሜ ነው። አንቺ ድምፅሽ ወፍራም ቢሆንም ታላቅ ነሽና አንደኛ፣ እኔ ቀጭኗ ሁለተኛ። ኮምፒውተሩ ግን ታላቅና ታናሽ አያውቅም። አንደኛ ድምፅ ሁልጊዜ ከላይ ይመስለዋል፤ ስለዚህ ከኖታሽ የሚወጣውን ዘንግ ወደ ላይ፣ የእኔን ወደ ታች ይስበዋል። አንቺ ከታች፣ እኔ ከላይ ስለሆንን ዘንጎቻችን ተጠላለፉ። ተጣልተን የማናውቅ እኅትማማቾችን ወረቀት ላይ አናነቀን። ኖታዎቹን ወደ ጎን ገፋ ገፋ ባደርጋቸው ጭራሽ ባሰባቸው።

አለቃዬ አይቶ «ይህን ማን ሊዘፍነው ነው? አንደኛውን ሁለተኛ አድርጊና ተገላገይ» አለኝ። እውነቱን ነው። ባቀያይራቸው ገጹ ቁልጭ አለ።

ለአባባ ሳሳየው ግን ጣቱን ኖታሽ ላይ አሳርፎ «እሷን ሁለተኛ ያደረጋት ማነው?» አለ። ኮምፒውተሩ ነው ብዬ ጻፍኩለት። «እሱ የቤታችን ሽማግሌ ነው እንዴ? ታላቅ ሳትጠየቅ ዝቅ አትልም» ብሎ የይታተም ፈቃዱን ሳይፈርም መለሰልኝ። የካቲት ሳይወጣ ካልፈረመ ዜማው ከመጽሐፉ ይቀራል። እኔን ይህ ያሳዝነኛል። ከሁለታችን ሌላ የሚያውቀው የለም፤ እኛም አብረን ከዘፈንነው ዘመን አልፎታል።

ባለቤቴ እጅ ነስቷል። ልጄ ጉንጭሽን ትስማለች። አክስታችን «ውፍረቷን ጠይቂልኝ» ብላለች፤ ጠይቄያለሁ። አባባም ሰላም ብሎሻል። «እሷ በስልክ ብትፈቅድ ቃሏን እጽፍልሃለሁ» ብዬው ነበር፤ እንቢ አለ። «በሰው አፍ አልቀበልም፤ መጥታ ፊቴ ቁጭ ትበልና ትንገረኝ፤ የእሷን አፍ እያየሁ እሰማለሁ» ብሏል።

ታናሽሽ
ከአባባ ቤት፣ የካቲት ፱ ቀን