የተመረገው ባሕር

ባሕር ዳር፣ ሹም አቦ
ኅዳር ፱ ቀን ፲፱፻፸፬ ዓ.ም.

ይድረስ ለልጅ ልጄ ለየብርጓል፣ ኦዴሳ

እንዴት ነሽ፣ የዓሦች አለቃ? እዚያ ብርዱ ገብቷል ይላሉ። አፍንጫሽ ድሮም ረዘም ያለ ነውና ቀድሞ የሚበርደው እሱ ነው፤ ሸፍኚው። እኔ ከወገቤ በቀር ደኅና ነኝ።

ባለፈው ደብዳቤ የላክሁልሽን ሃያ አንድ ቁጥሮች ለአስተማሪሽ ካላሳየሽ፣ አታሳዪ። አሳይተሽም ከሆነ ሄደሽ መልሺ። ውሸት ናቸው።

ስትሄጂ ያንን በመስታወት ሣጥን የሠራሽውን የጨው ባሕር አደራ ሰጥተሽኝ፣ "ጠዋት ጠዋት መመርመሪያ ወረቀቱን የባሕሩ ውሃ ውስጥ ይንከሩ፣ ቀለሙን ከሰሌዳው ጋር ያስተያዩና ፒኤቹን ይጻፉልኝ፤ ጥናቴ የቆመው በዚያ ነው" ብለሽኝ ነበር። ከስምንት ከወረደ ውሃው ኮምጥጧል ማለት እንደሆነም ነግረሽኛል። እኔ ግን በየጠዋቱ ስምንት ነጥብ ሁለት እያልሁ ጻፍሁ፤ አንቺ የተውሽው እሱ ላይ ነበራ። አረንጓዴውና ሰማያዊው እየተደበላለቀ አስቸገረኝ። ወረቀቱን የሠራው ፋብሪካ ቀለም የቆጠበ ይመስለኛል።

ባለፈው ሳምንት ማክሰኞ አጎትሽ ዳኘው ከምጽዋ የላካቸው ሁለቱ ዓሦች ውሃው አናት ላይ ወጥተው አፋቸውን ሲከፍቱ ሲዘጉ አገኘኋቸው። ተከራያችንን የሺመቤትን ጠራሁ። ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ፣ ማቅለሚያው ክፍል ነው የምትሠራ። ወረቀቱን ነክራ ወደ መስኮቱ ያዘችው።

"አባባ፣ ይሄ የት አባቱ ነው ስምንት? ሰባት ተኩል ነው!"

"አንቺ ማቅለሚያ ቤት እየዋልሽ ዓይንሽ ወይቦ ነው።"

"የእኔ ነው የወየበው?" አለች።

ያስቀመጥሽውን ሶዳ በማንኪያ በጥብጬ ጨመርሁ። ወረቀቱ ትንሽ ቀና ይልና በማግሥቱ ያው። የሺመቤት ሁለተኛውን መመርመሪያ አወጣች፤ ቀለሙ እስኪለወጥ ጠብታ እየተቆጠረ የሶዳው ልክ የሚታወቅበትን። አንቺ ስምንት ጠብታ ይበቃል ብለሽ ጽፈሻል፣ እሷ አሥራ ሦስት ቆጠረች።

"ሶዳውስ ተትረፍርፏል። የጎደለው ሌላ ነገር ነው" አለችና ክዳኑን አየችው።

እንግዲህ ልናዘዝ። ድመቷና አቧራው ቢያስቸግሩኝ መስታወቱን በጣውላ ከድኜ፣ ዳር ዳሩን እንደ ጠላ ጋን በጭቃ መርጌው ነበር። ለምግባቸው አንዲት ቀዳዳ ብቻ ነው የተውሁ። አመራረጉማ አያሳፍርም፤ እናትሽ ብታየው ትቀና ነበር።

"ጠላ ነው እንዴ የጠመቁት፣ አባባ?" ብላ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች።

"ጠላ ቢሆንማ ቀምሼ አውቀው ነበር!"

ለካ ዓሦቹ የተነፈሱት አየር መውጫ አጥቶ ውሃው ውስጥ ተከማችቶ ኖሯል ያኮመጠጠው። ሐሙስ ጭቃውን በቢላዋ ፈልፍለን ክዳኑን አነሣን፣ መስኮቱን ከፈትን፣ ውሃውን በጣሳ እየቀዳን ከፍ አድርገን መልሰን ስናፈስ ዋልን። ዓርብ ጠዋት ወረቀቱ ስምንት አሳየ። ከዚያ ወዲህ ሶዳ አልነካሁም። ባለ መስመሩ ዓሣ ድኗል። ትንሹ ብጫው ግን ሞተ። የሺመቤት "ጨው የገባለት ነው፣ እንጥበሰው" አለች፤ እኔ ከሎሚው ሥር ቀበርሁት።

እውነተኞቹን ቁጥሮች በሌላ ወረቀት አያይዣለሁ። የስድስት ቀን ብቻ ናቸው። ሃያ አንዱን ሰርዢያቸው። ለአስተማሪሽም "ያበላሸው አያቴ ነው" በዪ፣ እንዳትሸፍኝልኝ። አንቺ ከምታፍሪ የእኔ ስም ይጥቆር፤ ኦዴሳ ውስጥ የሚያውቀኝ ሰው የለም። ከእንግዲህ ወረቀቱን የምታየው የሺመቤት ናት፣ እኔ መንከር ብቻ ነው።

ባሕሩንም የብሱንም የሚመግብ አምላክ ከብርዱ ይሰውርሽ፤ ትምህርትሽን ይግለጥልሽ።

አያትሽ
ሀብተ ሥላሴ

ስትጽፊልኝ ፊደሉን ጎላ ጎላ አድርጊው። የምታነብልኝ የሺመቤት ናት፤ ልጅቷ እንዳትቸገር ብዬ ነው።