እናታችን ቀዩን የምትጫነው ለምን እንደሆነ

ውድ እታለም ፈንታነሽ፣

ይህን ደብዳቤ የአንበሳሜዋ ካሰች ዱባይ ስትገባ ትሰጥሻለች። ቁጭ ብለሽ አንብቢው። ተናድጄ ነው የምጽፍልሽ፤ እስከ መጨረሻውም የሚበርድልኝ አይመስለኝም።

በስልክ ለምን አልነገርሽኝም ትዪኝ ይሆናል። እናታችን በመድኃኔዓለም አስምላኛለች። የማልኩት ግን በአፌ እንዳልነግርሽ ነው፤ ስለ መጻፍ ያነሳ ሰው የለም።

የላክሻቸውን፣ ሲጫኗቸው የቤቱን ዕቃ የሚያስነሱ ባለ ቀለም ቁልፎች እንዳልሽኝ አድርጌ ግድግዳው ላይ ደርድሬ ለጠፍኳቸው። ቢጫው ለመብራት፣ ቀዩ ለምድጃው፣ ሰማያዊው ለውሃ ፓምፑ፣ አረንጓዴው ለበሩ። «ፊደል ባትቆጥርም ቀለም አይጠፋትም» አልሽኝ። እውነት ለመናገር ሐሳቡን እኔም ወድጄው ነበር። መብራት የጠፋ ዕለትማ ላም አለኝ በሰማይ ነው፤ እሱን ትቼልሻለሁ።

እናታችን ግን መብራት ላብራ ብላ ምድጃውን ትለኩሳለች። አንድ ቀን ምድጃው ላይ ያስቀመጥኩት የፕላስቲክ ትሪ ቀልጦ ቤቱ በጭስ ታፈነ። ሌላ ቀን አክስታችን ጌጤ ከጋፋት መጥተው ደጅ ቆመው ሳለ፣ በር ልክፈት ብላ ፓምፑን ለቀቀችው። ሮቶው ሞልቶ ፈሶ ጓሮው ጭቃ ሆነ፤ አክስታችንም ፀሐይ ላይ እንደቆሙ ቀሩ። አንቺ ደግሞ እዚያ ሆነሽ ቤቱ ውስጥ ባስተከልሽው ካሜራ ታዪና ትደውዪያለሽ። «ብርቱካን፣ አራት ቀለም ማስተማር አቅቶሽ ነው?» አልሽኝ፣ እሷው እየሰማች። በጣም ከፍቶኝ ነበር።

ያን ዕለት ንዴቴን እሷ ላይ ተወጣሁት። ክንዷን ይዤ ግድግዳው ፊት አቆምኳትና «ቀዩ የትኛው ነው? አሳዪኝ» አልኳት። ጣቷን አረንጓዴው ላይ አሳረፈች፤ ቆይታ ወደ ቢጫው ወሰደችው፤ ከዚያ እጇን ነጠላዋ ውስጥ ከተተችው።

«ልጄ፣ ለእኔ ሁሉም አመድ ነው» አለችኝ።

በማግስቱ ሐኪም ዘንድ ወሰድኳት። ሁለቱም ዓይኖቿ ላይ ሞራ ወጥቷል፤ ግራው ብርሃንና ጨለማ ብቻ ነው የሚለየው። በቀዶ ጥገና ይገፈፋል፣ ከዘገየ ግን ዓይኑ ራሱ ሊጎዳ ይችላል አሉን።

እሺ ያለች መስሎሻል? «መሸፈኛው ሲነሳልኝ መጀመሪያ የማየው ፈንታነሽን ካልሆነ አላስነካም» ትላለች። እንግዲያው ልንገራት ስላት ደግሞ «ሥራዋን ጥላ ትመጣለች፣ ወዮልሽ» ብላ ታስምለኛለች። የቱን ልያዝላት? ቤተ ክርስቲያን እጇን ይዤ የማደርሳት እኔ፣ ልብሷን የማጥብ እኔ፣ ስድቡን የምሰማ እኔ፤ ልታየው የናፈቃት ፊት ግን ያንቺ ነው። ይህም አናዶኛል፤ አልደብቅሽም።

እሷ ሥራሽን ጥለሽ እንዳትመጪ ትፈራለች። የእኔ ፍርሃት ሌላ ነው። ይህን አንብበሽ፣ አልቅሰሽ፣ በማግስቱ የሚናገር አምፖል ገዝተሽ በመጣ ሰው እንዳትልኪልን እፈራለሁ።

ዕቃ ይብቃን እታለም። ፊትሽን ይዘሽ ነይ።

ታናሽሽ ብርቱካን
ደብረ ታቦር