ጁምዓ የሌለበት ሥራ

ቅዳሜ

ሄዱ። ዘሃራና ትዕግሥት ጧት ቦርሳቸውን አንጠልጥለው ወደየአሠሪዎቻቸው ተመለሱ። እስከ ሐሙስ ማታ ክፍሉ የኔ ብቻ ነው። ሳጃና ሰፈር ይህችን ክፍል ለሦስት ተከራይተናል፤ እነሱ ግን ሰው ቤት ስለሚያድሩ የሚመጡት ለጁምዓ ዕረፍታቸው ብቻ ነው። እኔም እንደነሱ ነበርኩ። ወባ ይዞኝ ስተኛ አሠሪዬ ሌላ ሴት አስገባች። "ሲሻልሽ ነይ" ነበር ያለችኝ። ሲሻለኝ ሄድኩ፤ በሩን የከፈተችልኝ አዲሷ ሠራተኛ ናት።

ፍራሾቹን አራገፍኩ። ልብስ አጠብኩ። ዳቦ ሰልፍ ቆምኩ። ቀኑን ሙሉ ያናገርኩት ሰው ዳቦ ሻጩ ብቻ ነው፤ እሱም ቀና ብሎ አላየኝም።

እሑድ

ጋሽ በላቸው ጋ ዋልኩ። ቡና ቤት አላቸው፤ ሠራተኛና አሠሪም ያገናኛሉ። ከጓሮ ጥላው ስር ሴቶች ተደርድረን እንቀመጣለን። መኪና ሲቆም ሁላችንም ሻርፓችንን እናስተካክላለን። ዛሬ የቆመው ጥቂት ነው። ባንኩ ለሰው የገዛ ገንዘቡን አልሰጥ ስላለ ባለ ቪላውም ሠራተኛ እየቀነሰ ነው ይላሉ ጋሽ በላቸው። አንዲት ወይዘሮ ወደኔ ጠቆመችና ኢቃማ ጠየቀችኝ። የመኖሪያ ወረቀቴ ጊዜው አልፏል። ለማሳደስ ገንዘብ ያስፈልጋል፤ ለገንዘቡ ሥራ፤ ለሥራው ኢቃማ። ይህን በዓረብኛ ማስረዳት አቃተኝ። ከጎኔ የነበረችውን ይዛ ሄደች።

ነገ እዚሁ ከተማ ሪያድ የሚባል ሰፈር አንድ ቤት አለ፤ ወረቀት አይጠይቁም አሉኝ ጋሽ በላቸው። አላህ ይርዳኝ።

ሰኞ

ሪያድ በእግሬ ሄድኩ። ረክሻ፣ የኛን ባጃጅ፣ ብሳፈር ለነገ ዳቦ አይተርፈኝም። ስደርስ ፊቴ አቧራ፣ ጀርባዬ ላብ ሆኗል። ወባው ገና ከሰውነቴ አልወጣም። እመቤቲቱ ክፉ አልነበረችም። ጥላ ውስጥ አስቀምጣኝ ቀዝቃዛ ውሃ ሰጠችኝ። ጫማዬን አየችው። ከዚያ ቤቱ ሰፊ እንደሆነ፣ ጠንካራ ሰው እንደምትፈልግ ነገረችኝ። "አንቺ መጀመሪያ ብይ" አለችና ጥብስ ዶሮ በፌስታል አሰረችልኝ።

ሥራ ልጠይቅ ሄጄ ሰደቃ ይዤ ተመለስኩ።

መንገድ ላይ ልጥለው አስቤ ነበር። አልጣልኩትም። ቤት ገብቼ ቁጭ እንኳ ሳልል በላሁት። ጣፈጠኝ። አጥንቱን ሁሉ ጋጥኩ። ከዚያ አለቀስኩ።

ማክሰኞ

አልወጣሁም። እማዬ ከከሚሴ ደወለች። ሥራው እንዴት ነው አለች፤ ደህና ነው አልኳት። ይወዱሻል ወይ አለች፤ በጣም አልኳት። ከኋላዬ የቤት ድምፅ ስታጣ "ቤቱ ልጆች የሉበትም እንዴ?" አለችኝ።

ተኝተዋል አልኩ።

ረቡዕ

ጋሽ በላቸው አስጠሩኝ። ኦምዱርማን አንዲት አሮጊት የሚጦር ሰው ይፈለጋል። "ስሚኝ ልጄ፣ የቸገረሽ አትምሰዪ" አሉኝ። "ሰው ለተራበ ምግብ ይሰጣል እንጂ ቤቱን አያምንም።" የአውቶብሱንም ከኪሳቸው ሰጡኝ። የዘሃራን ጥቁር ዓባያ ለበስኩ፣ ፊቴን ቅባት ተቀባሁ፣ በድልድዩ ወደ ኦምዱርማን ተሻገርኩ።

የአሮጊቷ ልጅ ኢማን ትባላለች፣ አስተማሪ ናት። እናቷን ሁሉም ሐቦባ ነው የሚላቸው፤ አያቴ እንደማለት ነው። ዓይናቸው አያይም። እጄን ይዘው ቆዩና "እጇ ቀዝቃዛ ነው፣ ጥሩ" አሉ።

ተቀበሉኝ! ወረቀት አልጠየቁም። ደመወዙም ደህና ነው። ግን ጁምዓ የለም። ኢማን በጁምዓ ወደ ባሏ ቤተሰቦች ትሄዳለች፤ እናቷ ብቻቸውን መዋል አይችሉም። ከኔ በፊት የነበረችው በዚሁ ምክንያት ለቀቀች። እስከ ነገ ላስብበት አልኳት። ሥራ አጥቼ ስለ ሥራ ላስብበት ማለቴ ለራሴም ገረመኝ።

ሐሙስ

ዘሃራ ብቻዋን መጣች። ትዕግሥት አሠሪዎቿ እንግዳ መጥቶባቸው መውጣት አልቻለችም አለች። የኦምዱርማኑን ነገርኳት። ዘሃራ ታላቄ ናት፣ የወረኢሉ ሰው፤ ነገር አታሽሞነሙንም። ወላሂ አታመንቺ አለችኝ።

"ጁምዓ ከሌለኝ እናንተን የት አገኛችኋለሁ?" አልኳት።

ሽንኩርቷን ከትፋ ጨረሰች። ከዚያ "ሰዓዳ፣ ከዚህ በኋላ ያንቺን ኪራይ መሸፈን አንችልም" አለች። "እንግዳም የለባቸውም። ትዕግሥት ፊትሽን ማየት አፍራ ነው የቀረችው።"

አልተቆጣሁም። መቆጣት ፈልጌ ነበር፣ ግን ወባ ሲይዘኝ ሲያስታምሙኝ የነበሩት እነሱ ናቸው። ለኢማን ደውዬ እመጣለሁ አልኳት።

ጁምዓ

ፍራሼን ጠቅልዬ ጥግ አቆምኩት። እሑድ ሌላ ሴት ትመጣለች። ዘሃራ ፌርማታ ድረስ ሸኘችኝ። አውቶብሱ ሲነሳ እጇን አላወዛወዘችም፤ ሻርፗን ብቻ አፏ ላይ ያዘች።

ማክሰኞ፣ ኦምዱርማን

ሥራው አይከብድም። አጥባለሁ፣ አበላለሁ፣ ጀርባቸውን አሻለሁ። ኢማን ጧት ወጥታ ማታ ትገባለች። የምበላው ኩሽና ነው፣ በርጩማ ላይ። ሐቦባ፣ ኢማን ሰዓዳ ስትለኝ እየሰሙም፣ "አልማዝ" ይሉኛል፤ ከኔ በፊት የነበረችው ሠራተኛ ስም ነው። አላረምኳቸውም።

ዛሬ ደፍሬ ዘሃራ በጁምዓ እዚህ መጥታ ትጠይቀኝ እንደሆን ኢማንን ጠየቅኳት። ቤቱ የእናቴ ነው፣ እሷን ጠይቂ አለች። ጠየቅኩ። ሐቦባ "ሴት ከሆነች ትምጣ፣ ትብላም" አሉ።

ለዘሃራ ስነግራት በስልክ እልል አለች።

ጁምዓ

ኢማን በጧት ወጣች። የበግ ወጥ ሠራሁ። ለዘሃራ ብዬ በርበሬ በትንሽ ሳህን በጥብጬ ለብቻው አስቀመጥኩ። ግቢውን ጠረግኩ። ደግሜ ጠረግኩ። መንገድ ላይ ሰው ባለፈ ቁጥር በሩን ከፈትኩ።

ከዓስር ሶላት በኋላ፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ፣ ዘሃራ ደወለች። ቤንዚን ጠፍቶ መኪና የለም፤ ፌርማታ ላይ ቆማ ውላ ተመለሰች። ድምጿ ደክሟል። "ለሚቀጥለው፣ ኢንሻአላህ" አለች። ኢንሻአላህ አልኩ። በሳምንት ያላት ዕረፍት አንድ ቀን ነው፤ እሱንም ሁልጊዜ ለኔ ብላ ፀሐይ ላይ ትጨርሰዋለች ብዬ አላስብም።

ሐቦባ አልመጣችም ወይ አሉኝ። አልመጣችም አልኩ። ምግባቸውን አቅርቤላቸው ወደ ኩሽና ስዞር ቀሚሴን ያዙኝ።

"ወዴት?"

"ልበላ።"

"እዚህ ብይ። ላይሽ አልችልም፤ መብላትሽን ግን እሰማለሁ።"

ከአንድ ሳህን በላን። እጃቸው እየዳበሰ የበርበሬውን ሳህን አገኘና ጠቅሰው ቀመሱ። ትን አላቸው። ደንግጬ ውሃ ላመጣ ስነሳ፣ እያሳሉም እየሳቁም "ተቀመጪ ሰዓዳ" አሉኝ።

ተቀመጥኩ።