ብስክሌተኛ ቤካ ኩማ፦ አንድ ጊዜ ከፊት የሆኑበት እሑድ

ብስክሌተኛ ቤካ ኩማ ከአባታቸው ከአቶ ኩማ ቦጂያና ከእናታቸው ከወይዘሮ ትርፌ ወልደሰንበት ኅዳር 12 ቀን 1969 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ከተማ፣ ልደታ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ጀርባ በነበረው ሰፈር ተወለዱ። ክርስትና የተነሡትም ዛሬ በቆምንበት በዚሁ ደብር ሲሆን የክርስትና ስማቸው ወልደ ሚካኤል ነው።

ይህን የሕይወት ታሪክ የጻፈችው ታላቅ እህታቸው ሌንሳ ኩማ ናት። አዝላ ያሳደገችውን ወንድሟን በአንቱታ መጻፍ እጇን ያዝ እያደረጋት ነው፤ ወግ ነውና ግን ትጽፋለች። እስከ እሑድ ጠዋት ድረስ "አንተ ቀርፋፋ፣ ተነሥ እንጂ፣ ውድድሩ ሊጀመር ነው" ስትላቸው ለነበሩ ሰው "ነበሩ" ብሎ መጻፍ! ኧረ እንዴት ተደርጎ ይታመናል?

አባታቸው አቶ ኩማ ሜክሲኮ አካባቢ ባለ መሥሪያ ቤት ተላላኪ ስለነበሩ ማታ ማታ የቢሮውን ብስክሌት እየነዱ ይገቡ ነበር። "የመንግሥት ንብረት ናትና እንዳትነኳት" ብለው ግድግዳ ያስደግፏታል። ቤካ ግን በሰባት ዓመታቸው ቁመታቸው ኮርቻው ላይ ስላልደረሰ፣ እግራቸውን በብረቱ ሥር አሹልከው ጎንበስ ብለው እየነዱ ቁልቁለቱን ወረዱ። ፍሬን የሚባል ነገር መኖሩን ገና አልሰሙም ነበርና ከአቶ ሸምሱ ሱቅ ደጃፍ የቆመ የሽንኩርት ጆንያ ውስጥ ገቡ። ከሽንኩርቱ መሐል ጎትቶ ያወጣቸው የባለሱቁ ልጅ ዓብዱልሰላም ነው። ያኔ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። ከስድብ ይልቅ ብስክሌቷን አቃንቶ "ና ውጣ፣ እኔ ልግፋህ" አላቸው። ዓብዱልሰላምን በአንቱታ ለመጻፍ ሌንሳ ሞክራ አልሆነላትም፤ እዚሁ አጠገቧ ተቀምጦ የረሳችውን እየነገራት ነውና ይቅር ይበላት።

ቤካ ኩማ የመጀመሪያና ሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን እዚሁ ልደታ ተከታትለው በ1986 ዓ.ም. አጠናቀቁ። ጎበዝ ተማሪ ነበሩ ብላ ብትጽፍ አብረዋቸው የተማሩት ሁሉ በዚህ ሐዘን መካከል ይስቁባታል። ልባቸው ጎማ ላይ ነበር። በ1987 ዓ.ም. ከዓብዱልሰላም ጋር ንጋት የብስክሌት ክለብን ተቀላቀሉ፤ ስማቸው የተጠራውም ከዚያ ወዲህ ነው።

ብስክሌት ለማያውቅ ለቀስተኛ ይህ ነገር መነገር አለበት፤ ካልተነገረ የእሑዱ ጉዳይ አይገባውም። ቤካ ፈጣን የነበሩት በመጨረሻዋ ሁለት መቶ ሜትር ነው። እዚያች ቦታ ላይ ጉልበታቸውን ሳይጨርሱ እንዲደርሱ ደግሞ ሌላ ሰው ከፊት ሆኖ ነፋሱን በደረቱ እየገፋ መጎተት ነበረበት። ቤካ ከኋላው፣ ጎማ ለጎማ ሊነካካ አንድ ስንዝር ሲቀረው ተጠግተው ይደበቃሉ። ሁለት መቶ ሜትር ሲቀር ከፊት ያለው ወደ ግራ ታጥፎ መንገዱን ይለቃል፤ እሳቸው ይወረወራሉ። የለቀቀው ሰው ሥራው አለቀ። ያሸነፈው ዞር ብሎ አያየውም፣ ዞር ካለ ይሸነፋላ። ሕዝቡም ዓይኑ የሚሮጠው ከሚያሸንፈው ጋር ነው። ወደ ግራ የታጠፈውን ሰው ማንም አያየውም።

ያ ሰው ዓብዱልሰላም ነበር። ቤካ በንጋት ክለብ ሃያ አንድ ጊዜ አሸንፈዋል፤ ሃያ አንዱንም ጊዜ ከፊት የጎተታቸው እሱ ነው። አበባቸውን አቅፈው ሳለ "ዓብዱልሰላምስ?" ብሎ የሚጠይቅ ከተገኘ መልሳቸው አንድ ነበር፦ "ይመጣል።" እውነትም ይመጣል። ሠላሳኛ ወይም አርባኛ ሆኖ፣ ላቡን በመዳፉ እየጠረገ ይደርስና "አሸነፍን እንዴ?" ይላል። እሱም መጠየቅ ነበረበት፤ ከታጠፈ በኋላ የሆነውን አያይማ።

በ1994 ዓ.ም. ቤካ ኩማ ወደ ቀስተ ደመና ክለብ ተዛወሩ። በዚህ ቦታ የሕይወት ታሪክ ጸሐፊ "በተሻለ ዕድል" ብሎ ያልፋል። እህታቸው አታልፍም። ለዓብዱልሰላም ሳይነግሩት ነው የሄዱት። እሱ የሰማው የሁለቱንም ብስክሌት ሰንሰለት ቁጭ ብሎ ዘይት ሲቀባ፣ ከክለቡ ዘበኛ አፍ ነው። የቤካን ብስክሌት ጨርሶ ቀብቶ፣ ወልውሎ፣ እናታቸው ደጃፍ አስደግፎ ሄደ። ወይዘሮ ትርፌ ይህን ሲያስታውሱ እስከ ዛሬ ዓይናቸው እንባ ያቀርራል።

በአዲሱ ክለብ ቤካ ሁለት ዓመት ሙሉ አንድም ውድድር አላሸነፉም። አንዱ ጎታች ቶሎ ይደክማል፣ አንዱ ገና አምስት መቶ ሜትር ሲቀር ይለቃቸዋል፣ አንዱ ደግሞ ወደ ቀኝ ታጥፎ መንገዳቸውን ዘጋባቸውና አጥር ላይ ጣላቸው። አሰልጣኙ "አርጅቷል" ብለው አስወሩ፤ ያኔ ሃያ ስድስት ዓመታቸው ነበር። ቤት ገብተው ራት ሳይበሉ "ሌንሳ፣ እኔ እኮ ለካ የሰው ጎማ ነኝ" ያሉበት ቀን አለ። እሷም "ታዲያ ሄደህ እግሩ ሥር አትወድቅም? ምን ይጎልሃል?" አለቻቸው።

በ1996 ዓ.ም. ሁለቱ አባቶች፣ አቶ ኩማና አቶ ሸምሱ፣ ሱቁ ውስጥ ዱካ ላይ ተቀምጠው ልጆቻቸውን አስታረቁ። ቤካ ይቅርታ ጠየቁ። ዓብዱልሰላም ወደ ቀስተ ደመና ሊመጣ ተስማማ፤ ግን አንድ ነገር ጠየቀ። "አንድ ቀን፣ አንዲት ቀን ብቻ፣ አንተ ከፊት ሁንና እኔን አስገባኝ። እጄን ወደ ላይ ማንሣት ምን እንደሚመስል ልወቀው።" ቤካ "ልደታን! አደርገዋለሁ" ብለው በሽማግሌዎቹ ፊት ማሉ።

ከዚያ ድሉ ተመለሰ፤ መሐላው ግን ቆየ። ዘንድሮ ዋንጫው ወሳኝ ነው ይባላል፣ ለከርሞ ይባላል፣ ጉልበቴን አሞኛል ይባላል። ሰባት ዓመት! ቤካ ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ማሸነፍ ግን እንደ ሱስ ይዟቸው ነበር። ዓብዱልሰላም አንድም ቀን አላስታወሳቸውም። ያስታወሰቻቸው፣ ያዋከበቻቸው፣ አላስቀምጥ አላስቆም ያለቻቸው ሌንሳ ናት።

በ1997 ዓ.ም. ከወይዘሮ ወይንሀረግ ገብረየሱስ ጋር ጋብቻቸውን ፈጸሙ። አንደኛ ሚዜያቸው ዓብዱልሰላም ነበር። ሴት ልጃቸውን ፋዮንና ወንድ ልጃቸውን ኤልያቄምን አፈሩ። ሰፈራቸው ፈርሶ በዚህ ዓመት ልደታ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ሲገቡ ብስክሌታቸውን በትከሻቸው እየወጡና እየወረዱ ጎረቤቱን ሁሉ አሳቁ። "ሊፍት እስኪገባልን እኔ ነኝ ሊፍቱ" ይሉና በሌላኛው እጃቸው የጎረቤት ጄሪካን ይዘው ይወጣሉ። ከገቡ ገና ሰባት ወራቸው ነው።

ግንቦት 1 ቀን፣ የልደታ ዕለት፣ ከቅዳሴ ሲወጡ ሌንሳ እዚሁ ግቢ ውስጥ ያዘቻቸው። ዓብዱልሰላም አባቱ ደክመዋልና ሱቁን ሊረከብ፣ ከሰኔው ውድድር በኋላ ብስክሌት ሊያቆም ነው። "በስሟ ምለህ ሰባት ዓመት! እንዲያው አታፍርም?" አለቻቸው። መሬት መሬቱን አዩ። "በቃ፣ ሰኔ አምስት። ከፊት እሆናለሁ። ተገላገልሽ?" አሏት። ተገላገለች። ለቤተሰቡም ሁሉ ተናገረች፤ ምን ዓይነት ደስታ ነበር!

እሑድ ሰኔ 5 ቀን 2003 ዓ.ም. ውድድሩ የሚያበቃው ከኮንዶሚኒየሙ ፊት ለፊት ባለው መንገድ ላይ ስለነበር ቤተሰቡ በሙሉ ወጥቶ መድረሻው ላይ ቆመ። የመጨረሻው ኪሎ ሜትር ላይ ቤካ ከፊት ሆነው ብቅ አሉ፤ ከኋላቸው ዓብዱልሰላም ተደብቋል። ደረታቸውን ለነፋስ ሰጥተው፣ አፋቸውን ከፍተው፣ በሕይወታቸው ጎትተው የማያውቁትን ሰው ጎተቱ። ዓብዱልሰላም እንደሚለው ፍጥነቱ የሰው አልነበረም። ሁለት መቶ ሜትር ሲቀር "ያንተ ነው!" ብለው ጮኹና ወደ ግራ ታጠፉ።

ዓብዱልሰላም አሸነፈ። ሁለት እጁን ወደ ላይ አነሣ። እናቱ ወይዘሮ ሰሚራ እልል አሉ፣ ሌንሳ እልል አለች፣ የማታውቃቸውን ሰዎች አቀፈች። ወይንሀረግ ኤልያቄምን እንዳዘለች ክንዷን ነካ አድርጋ "ቤካስ?" አለቻት። ሌንሳም እየሳቀች "ይመጣል፣ አትቸኩይ" አለች።

አርባኛው ገባ። ሃምሳኛው ገባ። ማንም ምንም አላሰበም። ዓብዱልሰላም አበባውን ይዞ ወደ ኋላ ሲያይ፣ ሲያይ፣ ፊቱ ድንገት ተለወጠ። ታጥፎ የቀረ ሰው ለመድረስ ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅበት ከዚያ ሁሉ ሕዝብ መካከል የሚያውቀው እሱ ብቻ ነበር። "እኔ እንዲህ ዘግይቼ አላውቅም" አለ። አበባውን ጥሎ በመጣበት መንገድ ወደ ኋላ ነዳ።

ቤካ ከመንገዱ ግራ ጠርዝ ላይ፣ አንድ እግራቸው ከፔዳሉ ሳይወጣ፣ የእግረኛውን መንገድ ድንጋይ ተደግፈው ነበር። በአጠገባቸው ሰው ሞልቶ ነበር። "ያረፉ መስሎን ነው" አሉ፣ ሁሉም። ሁሉም ወደ መድረሻው እያዩ ነበር። ሆስፒታል ሲደርሱ ሕይወታቸው አልፎ ነበር፤ ሐኪሞቹ ልባቸው በድንገት እንደቆመ ነገሩን።

በሕይወት ታሪክ መጨረሻ ላይ "ባደረባቸው ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው" ተብሎ ይጻፋል። ሕመም አላደረባቸውም! በሕክምናም አልተረዱም! ጠዋት ሦስት እንቁላል በልተው፣ ለፋዮ ጫማዋን አስረውላት፣ ብስክሌታቸውን ተሸክመው አራት ፎቅ የወረዱ ሰው ናቸው። ሌንሳ ያን ቀን ባትነዘንዛቸው ኖሮ እያለች ከእሑድ ጀምሮ ራሷን ስትበላ፣ ዓብዱልሰላምም ባልጠየቅሁት ኖሮ ሲል ሰነበቱ። ወይንሀረግ ግን ትናንት ሁለቱንም ጠርታ "ያን ዕለት ጠዋት እንደዚያ ደስ ብሎት አይቼው አላውቅም፤ ይህን ደስታውን አትውሰዱብኝ" አለቻቸው። ሌንሳ ይህን ለመጻፍ አቅም ያገኘችው ከዚያ በኋላ ነው።

ትናንት አስከሬኑ ከምርመራ ወጥቶ ወደ ቤት ሲመጣ ዓብዱልሰላም ከመኪናው ፊት በብስክሌቱ እየነዳ አመጣው። ከሜክሲኮ እስከ ልደታ፣ መንገዱን ሁሉ፣ አንገቱን ወደ ኋላ አዙሮ እያየ ነበር። ሾፌሩ "ኧረ ወንድሜ ወደፊት እይ፣ ትወድቃለህ" ቢለው አልሰማም።

ብስክሌተኛ ቤካ ኩማ በተወለዱ በ34 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተው፣ ዛሬ ሰኔ 7 ቀን 2003 ዓ.ም. ወዳጅ ዘመዶቻቸው በተገኙበት በዚህ በተጠመቁበት ደብር ሥርዓተ ቀብራቸው ይፈጸማል። አባታቸውን፣ እናታቸውን፣ ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ እህታቸውንና ከፊታቸው የነዳውን ወንድማቸውን ዓብዱልሰላም ሸምሱን ትተው ሄደዋል። እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ከደጋጎቹ ጋር ያኑርልን፤ ለቀሩትም መጽናናትን ይስጥ። እኛ ሁላችን እልል እያልን ወደፊት ስናይ ከኋላ የቀሩትን ልጇን፣ በስሟ የማሉትን መሐላ የፈጸሙትን፣ እናታችን ልደታ ማርያም እሷ ዞር ብላ ትያቸው። አሜን።