ወደ ደጃችን የዞረው ቀስት

ለማከብርህ ወንድሜ ለአያ ታከለ፤

የመተማን ሙቀት እንዴት ቻልከው? እኛ አምባ ጊዮርጊስ፣ መድኃኔዓለም ይመስገን፣ ሁላችንም በሕይወት አለን። ገብሱ ሸጋ ነው፤ ዘንድሮ ጎረቤቶች አረሱልን።

መንገድ ዳር ስለተተከለው ማስታወቂያ ጠይቀኸኝ ነበር። «የባህል አረቄ ይቅመሱ» ይላል፤ ቀስቱ በቀጥታ ወደ ደጃችን ነው። ጥርሷን ያገጠጠች ሴት ሥለውበት «አንቺ ነሽ» አሉኝ። ባለፍኩ ቁጥር እተፋበታለሁ። ድሮ እንጨት ላይ የተደፋ ጣሳ ይበቃን ነበር፤ ቤታችንን የሳተ ጠጪም አልነበረም። አሁን ቱሪስት የተባለ አንድም አልመጣ፤ ላሞች ይታከኩበታል።

ማስታወቂያውን ያቆሙት የወረዳው ሰዎች ባለቤቴን ማሩን «አረቄው ለእንግዳ ከመሰጠቱ በፊት ቀማሹ አንተ ነህ» አሉት። እሱ እንደሆነ የተሰጠውን ሥራ አይንቅም። በጠዋት መለኪያውን ይዞ ማስታወቂያው ሥር ይቀመጣል። ማኪና ባለፈ ቁጥር፣ ምናልባት ይመለሱ ይሆናል ብሎ ይቀምሳል። የተመለሰ ግን የለም። በሬዎቻችን ሥራ ፈተው ደልበዋል። ልጄ ፅዮን «የአባዬ እጅ ምነው ይንቀጠቀጣል?» ስትለኝ ብርድ ነው አልኳት።

ገሾ ከገበያ ጠፋ ብዬዋለሁ። ድንገት ብትመጣ አልጋዬ ሥር ያለውን ከረጢት አይተህ እሱ ፊት እንዳታነሳብኝ። ለእሱም እንደ ወትሮው ጠርሙስ አታምጣለት፤ ወፍራም ጋቢ ይሻለዋል። እዚያው ማስታወቂያው ሥር ሲያድር ውርጩ ይመታዋል።

ዓይንህን እስካይ ድረስ እመቤቴ በጤና ታቆይልኝ።

እህትህ ሸዋረግ