የመሪጌታ ዐይን ደህና ነው

አስቻለው፣

ጀሪካኑን ሞልቻለሁ። የተረፈው ሽሮ ድስቱ ውስጥ አለ፤ አሙቀህ ብላ።

መሪጌታ ጥላዬ ጠዋት መጥተው ነበር። የሠራህላቸውን የድጓ ድረ ገጽ በስልካቸው ከፍተው፣ «ክንዱ፣ ከፊደሉ በላይ ያለው የዜማ ምልክት ሁሉ ሳጥን ሆነብኝ። ዐይኔ ነው ወይስ ስልኩ?» አሉኝ።

«ዐይንዎ ይሆናል» አልኳቸው።

ውሸቴን ነው። ምልክቶቹን የያዘው ፎንት ያለው ያንተ ኮምፒውተር ላይ ብቻ ነው። ከገጹ ጋር አብረህ ጫነው፤ ከዚያ በሌላ ሰው ስልክ፣ በሌላም ብሮውዘር ከፍተህ እይ። ላንተ ስለታየ ለሁሉ የታየ አይምሰልህ።

ይህን ካወቅሁ ወር ሆነኝ። ልነግርህ ስጀምር፣ «ከድጓ ቤት የሸሸ ደግሞ ኮምፒውተር ሊያስተምረኝ!» ብለህ ሰው አሳቅህብኝ። እኔም ሳልነግርህ ሰው ፊት እስክታፍር ጠበቅሁ።

ያፈሩት ግን እሳቸው ናቸው። «ዐይኔ ከከዳኝማ እሑድ ወንበሬን ለሌላ መምህር እለቃለሁ» ብለው ወጡ።

መሪጌታ ወደሚያስተምሩበት ድጓ ቤት፣ ወደ ቤተ ልሔም ሄጃለሁ። ዐይንዎ ደህና ነው እላቸዋለሁ፤ ከሸሸ ተማሪ አፍ ካመኑኝ።

ካላመኑኝ ግን ያው ያንተ ቃል ነው የሚታመነው። የተስተካከለውን ገጽ ይዘህ እሑድ ሳይነጋ ድረስልኝ።

ክንዱ